የኡኬ ዳገት ላይ የጠፋችው ፒካፕህ

ቶሌራ ኮ፣ ቶሌራዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከአንገር ጉቲን ይዘኸው የመጣኸው ወባ አንተን ከነጠቀን ወዲህ አንድ ክረምት ገብቶ ወጣ። እኛ ደህና ነን። ነቀምቴ ቤንዚን አሁንም በኩፖን ነው። እናትህ አዴ እኔው ጋ ናቸው።

ፒካፕህ ክረምቱን ሙሉ ማንጎው ሥር ቆመች። ወንድምህ እንሽጣት ብሎ ከጊምቢ ገዢ አመጣ። ሰውየው ቁልፉን ቢያዞር ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ቀጭ ብሎ ቀረ። ባትሪ ተቀየረ፤ ያው ሆነ። ገበያው አጠገብ ጋራዥ ያለው ጋሽ ሸምሱ መጥቶ ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን ሽቦ ፈታው፤ ጫፉን ዝገት በልቶታል። ጠርጎ ሲያስረው ተነሳች። ነገር ግን ሩቅ ስትሄድ ትጠፋለች፣ ስታርፍ ትነሳለች። «ቦቢናው ሲግል ለካንዴላዎቹ እሳት ይከለክላል» አለና ቀየረው። ከተማ ውስጥ ደህና ሆነች። ገዢውም ቅዳሜ ሊወስዳት ተቀጠረ።

ሐሙስ ጠዋት እህትህ ጫልቱ ምጥ እንደጠናባት፣ ጤና ጣቢያውም ሆስፒታል ውሰዷት እንዳለ ከኡኬ መልእክት መጣ። መኪኖቹ ሁሉ እህል ለማጓጓዝ ታዘው ሄደዋል። ወንድምህም አልነበረም። ቁልፉን አንስቼ፣ አዴን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። የኡኬ ሜዳ ላይ መንዳት ስታስተምረኝ ሰው ቆሞ ይስቅብን ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን የሳቀ የለም።

ጫልቱን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኝተን፣ ባሏ አንገቷን ደግፎ ወደ ነቀምቴ ተመለስን። ዳገቱ መሀል ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። አዴ «ያ ዋቃዮ!» ብለው ወደ አምላክ ጮኹ። እኔ አልጮኽኩም። መንገድ ላይ በቆምን ቁጥር የምትለው መጣልኝ፦ መጀመሪያ እሳቱን እዪ፣ ከዚያ ቤንዚኑን።

አንድ ካንዴላ ፈትቼ፣ ሽቦው ላይ እንደተሰካ ሞተሩን አስነካሁትና አዴን ቁልፉን ያዙሩልኝ አልኳቸው።

«እኔ?» አሉ።

«እርስዎ።»

መሪው ጋ ተጠግተው አዞሩ። ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። እሳቱ አለ ማለት ነው። ካንዴላውን መልሼ፣ ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ ነቀልኩና ደግመው አዞሩ። ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ብቻ አለ። ታንኩ ግን ከግማሽ በላይ ነበር። የታንኩን ክዳን ስፈታው አየር እያፏጨ ወደ ውስጥ ገባ። ለካ ክዳኑ ላይ ያለችውን የመተንፈሻ ቀዳዳ፣ መኪናዋ ቆማ በከረመችበት ጊዜ፣ ተርብ በጭቃ ደፍኗታል። ቤንዚኑ ሲቀንስ ቦታውን የሚይዝ አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ አቅቶታል። ጭቃውን በጸጉር ማስያዣዬ ፈልፍዬ አወጣሁት። ከኋላ የጫልቱ ድምፅ እየደከመ ነበር። ቱቦውን መልሼ አዴ ሲያዞሩ ሞተሩ ተነሳ።

«አየህ» ልልህ ቀና አልኩ። መሪው ጋ የተቀመጡት አዴ ነበሩ።

የቀብርህ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ድርቅ ብዬ ነበር። መሞትህ የገባኝ እዚያ ዳገት ላይ ነው። ግን ጊዜ አልነበረም፤ የታንኩን ክዳን አጥብቄ ነዳሁ።

ጫልቱ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ተርፈዋል። ጋሽ ሸምሱ ክዳኑን አገላብጦ እያየ «ተርብ ነው እንዲህ ያደረገኝ?» ብሎ ሳቀ። ቅዳሜ ገዢው ሲመጣ «አትሸጥም» ያሉት አዴ ናቸው፤ ወንድምህም ሰውየውን ሸኘው። አሁን እኔ ነኝ የምነዳት። ወደ ጊዳ አያና ጨው ጭኜ እወጣለሁ።

ሰዎች ሲያነሱህ ደግ ነበር ይላሉ። ነበርክም። እኔ በልቤ የምይዝህ ግን ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለህ መፍቻ አቀብዪኝ ስትል ነው፤ ሳቀብልህ ደግሞ ቀና ሳትል «ይሄ አይደለም» ስትል። እስካለሁ ድረስ እንዲያ እይዝሃለሁ።

ያንተው አስቴር