ስምንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ

ጥቅምት 6
የጠዋቱ የምድጃ ተራ የጎረቤታችን የረሻድ ነበር። ቁርሱን ሠርቶ በሰዓቱ ምድጃውን ነቀለ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ በእኛ ግቢ ስምንት ቤት በአንድ ቆጣሪ... ሁለት ምድጃ አንድ ላይ ከተሰካ ባልቦላው ወድቆ የግቢው መብራት በሙሉ ይጠፋል። ተራ አስከባሪው እኔ። ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሽያን ሌላ ምን ሥራ አለው? ክፉ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ጥቅምት 11
ጎረቤቴ ወይዘሮ ለተክርስቶስ ከሆስፒታል ወጡ። ሳንባቸው ደክሟል። የኦክስጅን ማሽን ይዘው መጡ፤ ሁልጊዜ መሰካት አለበት። መብራት ሲጠፋ ሲሊንደር አለ፤ ብቻቸውን ግን መቀየር አይችሉም። ልጃቸው ዳናይት ሰሚት ወዳለው ቤቷ ልትወስዳቸው ነበር። "አርባ ዓመት የኖርኩበትን ትቼ?" አሉ።
"በግቢው ሰው ጥፋት መብራት አንዴ ከጠፋ እወስዳታለሁ፣ ጋሽ እሸቴ" አለችኝ።
ቢሄዱስ... በማን ደጅ ላልፍ ነው?

ጥቅምት 12
ግቢው ተሰበሰበ። የሁሉም ቤት መብራትና ማሽኑ ስለሚደራረብ ማታ ማታ አንድም ምድጃ የለም። ሁሉም እሺ አለ። ፓስቲ ሻጩ አማኑ እንኳ "ፓስቲዬን በከሰል እጠብሳለሁ" አለ። ወደድኳቸው።

ጥቅምት 20
እኔ ነኝ ያጠፋሁት።
ወይዘሮ ለተክርስቶስ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም ሲሉኝ አመሻሽ ላይ አጥሚት ላፈላ ምድጃዬን ሰካሁ። ለትንሽ ደቂቃ ብዬ... ባልቦላው ወደቀ። ሮጥኩ። ሲሊንደሩን ቀየርኩ። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ደኅና ናቸው፣ ተመስገን።
ሁሉም አማኑን ጠረጠረ። ዝም አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ልዋረድ?

ጥቅምት 21
ዳናይት ልትወስዳቸው መጣች። አማኑ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አልቻልኩም። "እኔ ነኝ" አልኩ፣ ሰው ሁሉ ፊት።
"እርስዎ? ሕጉን የሚያስከብሩት?" አለች ዳናይት።
"አጥሚት ላፈላላቸው ብዬ..."
ወይዘሮ ለተክርስቶስ ከአልጋቸው "ምን አስቸኮለዎት?" አሉኝ።
"ስለምወድዎ" አልኩ። አመለጠኝ። ማንም አልሳቀም።
ከዚያ ፒንሳዬን አምጥቼ የምድጃዬን መስመር ከቆጣሪው ቆረጥኩት። አማኑን ይቅርታ ጠየቅኩ። ዳናይት "እስቲ እማዬ ትንሽ ትቆይ" አለች።

ኅዳር 3
ተራ አስከባሪነቱ ለአማኑ ተሰጠ። ከእኔ የባሰ ክፉ ሆኖ ተገኘ።
ዳናይት በእናቷ የምድጃ ተራ ጠዋት መጥታ ለሁለት ሰው ወጥ ሠርታ ሄደች። ስለ መሄድ ያነሳ የለም። ማታ እኔና እናቷ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠን በላን። ወይዘሮ ለተክርስቶስ ሁለቴ ጨመሩ። ስነሳ እጄን ያዝ አድርገው፣ "የነገው ጎመን ነው፣ እንዳይዘገዩ" አሉኝ።