ሰዓቱ በቀኝ እጅህ ነበር

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አልፎ ሦስተኛው እየመጣ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ሰሞኑን ስላንተ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ከረምኩ፤ የጻፍኩት ሁሉ ቋቅ ስላለኝ ነው ዛሬ በኛው ቋንቋ ላንተው ልነግርህ የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የምትነዳውን የጭነት መኪና ባለቤቱ ለሌላ ሾፌር ሰጠው። በሰፈራችን ሲያልፍ ጥሩምባውን ስለማውቀው ጆሮዬን እይዛለሁ። ታቆመው የነበረበት ጥላ ሥር አሁን ከጎልቦ ቆላ ለገበያ የሚመጡ ፍየሎች ይተኛሉ። ከድንበሩ ወዲህ፣ ሄሉ ያለችው ሱቃችን አልተዘጋችም፤ እናቴ ስኳር መሸጥ ግን ትታለች። ደንበኞቿ ይቆጣሉ። እሷ እቴ፣ አንተን የወሰደው ያ በሽታ ስሙ ስኳር ከሆነ ወዲህ ጆንያውን ማየት አትፈልግም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። ውጤቴ ጥሩ ነው፤ አንተ ብትኖር ለኬላው ፖሊስ ሳይቀር ታወራልኝ ነበር። ውጭ አገር ያለ አንድ ኮሌጅ ሙሉ ወጪዬን ችሎ ሊወስደኝ ይችላል። ከውጤቱ ጋር ግን ስለ ራሴ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ርዕሱን የምመርጠው እኔ ነኝ። ያስቸገረችኝ ይህቺ አንዲት ገጽ ናት።

አስፋልቱ ዳር የኢንተርኔት ሳይበር ከፍቶ የኮሌጅ ማመልከቻ የሚያስሞላ ጉዮ የሚባል ሰው አለ። ርዕስ ምረጥልኝ ብዬ ሄድኩ። ተቀመጪ እንኳ ሳይለኝ ከቤታችሁ ማን ሞቷል ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ አልኩት። ደስ አለው። እውነቴን ነው አባዬ፣ ፊቱ በራ። በምን ሞተ አለኝ፤ በስኳር በሽታ ስለው ፊቱ መልሶ ጠቆረ። «ስኳርማ ካዋይዳ ነው እህቴ፣ በየቤቱ ያለ ተራ ነገር። በጥይት ቢሆን ኖሮ ባማረልን ነበር፣» አለኝ። ቀፈፈኝ። ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም።

ከዚያ ሌሎች የጻፉትን አሳየኝ። አንደኛዋን አውቃታለሁ፣ ከዳበል መጥታ ከኔ ጋር የተማረች ናት። አባቷ ውሃ በቦቴ እያመላለሰ የሚሸጥ ሀብታም ነው፤ ልጅቷ ግን በጽሑፏ ውስጥ ጀሪካን አዝላ ግማሽ ቀን ትጓዛለች። ሁሉም ተርበዋል፣ ሁሉም ተጠምተዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ለቅሶ ያለቅሳሉ። አንብቤ ስጨርስ አፌ መረረኝ። የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ደረቱን የሚመታ አስለቃሽ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ሟቹን ደግሞ አይገድለውም።

እኔ ግን ገደልኩህ። ይቅር በለኝ አባዬ። ኬላው ላይ፣ ተኩስ ባለበት ቀን፣ መሪህን እንደያዝክ በጥይት ገደልኩህ። ደምህን ጋቢናው ውስጥ አፈሰስኩት። የመጨረሻ ቃልህም «ልጄ ትማርልኝ» ሆነ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ከ«ኖ ፕሮብሌም» ሌላ ምን እንግሊዝኛ ታውቅ ነበር? ጉዮ አንብቦ ዓይኑን ጠረገና ይህቺስ ታስገባሻለች አለኝ። ወጥቼ ከሳይበሩ ጀርባ አስመለሰኝ። ያስጠላኝ እሱ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጥይቱን ነው ያሳየኝ፤ የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ስለ አባትሽ የጻፍሽውን በአማርኛ አንብቢልኝ አለች። ሻሿን አስተካክላ ልታዳምጥ ቁጭ አለች። ምን ልበላት? ዓይኔን ጽሑፉ ያለበት ስልክ ላይ ተክዬ፣ የተጻፈውን ትቼ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ስለ ሰዓትህ አወራሁላት። ከድንበሩ በር ወዲያ ኢትዮጵያ በቀኝ፣ ወዲህ ኬንያ በግራ ስለሚነዳ፣ በተሻገርክ ቁጥር መኪናውን አቁመህ የእጅ ሰዓትህን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ታዛውር እንደነበር፤ ሰዓቱ ያለበት እጅ የምትይዘው መስመር እንደሆነ። አንድ ቀን እኔን ጋቢና አስቀምጠህ ሳታዛውር ረሳህ። በቀኝ እየነዳህ ሄሉ ስትገባ ፊት ለፊት የመጣውን የማታቱ ሚኒባስ ሾፌር መንጃ ፈቃድ ማን ሰጠህ ብለህ ሰደብከው። ከዚያ እጅህን አየህ፤ ሰዓቱ አሁንም ቀኝህ ላይ ነው። ወርደህ ይቅርታ ስትጠይቀው እኔ በሳቅ መቀመጫው ሥር ገብቼ ነበር።

እናቴም ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ እስከዚያ ቀን ያልነገረችኝን ነገረችኝ። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እጅህ ዝሎ ማንሳት ሲያቅትህ፣ «በሩ ደርሰናል፣ ሰዓቱን ወደ ቀኝ አድርጊልኝ» ብለሃታል። አደረገችልህ። ሲያጥቡህ ያወለቁት ከቀኝ እጅህ ነው። እኔም አይቼው ነበር፤ ግራ እጅህ አብጦ መስሎኝ አልጠየቅኩም።

ይህን የመሰለ የራስህ ሞት እያለህ ነው እኔ የሰው ጥይት የተዋስኩልህ። በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ ሳይበሩ ሄጄ ያን ሁሉ ደም ከጽሑፉ አጠፋሁት። ሰዓት ስለሚያዛውር አባትና በሳቅ ስለሞተች ልጁ ጻፍኩ። በስኳር በሽታ መሞትህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። እናቴን የለመንካትን ግን አልጻፍኩም፤ እሱ የኛ ነው። ጉዮ «በሰዓት ማን ያለቅሳል?» አለኝ። ማንም አያልቅስ አልኩትና ላኩት።

ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ ገና አላውቅም። ባይቀበሉኝ ይከፋኛል፣ በጣም ነው የሚከፋኝ። ቢሆንም ሁለተኛ አልገድልህም፤ እንደነበርክ ነው የማስታውስህ።

ሰዓቱ አሁን በኔ ግራ እጅ ነው። ማሰሪያው ሰፍቶኝ እናቴ በወስፌ ቀዳዳ ጨምራበታለች። ዓርብ ከበሩ ማዶ፣ መቃብርህ ጋ እመጣለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ቆሜ ወደ ቀኝ አዛውረዋለሁ። የምመጣው በእግሬ ነው፤ ቢሆንም አዛውረዋለሁ።