በሁዳዴ አይብሽን ማን ይቅመስልሽ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና ምን ብለሽ ልትመልሺልኝ ነው ብዬ ተውኩት። ከተለየሽን ወዲህ ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገባ። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ተይዟል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደምታውቂው ነው። ከደጃፍ ወንበርሽን ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ የመጣው ሁሉ ሲቀመጥበት ስላናደደኝ። ላምሽ ቦራ ዛሬም ጠዋት ማታ ትታለባለች። የምጽፍልሽም በእሷ ምክንያት ነው። እሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ወንድሜ ታደለ ከጀውሃ መጥቶ ላሟን ሊወስድ ነው።

ልጅሽ ታደለ «እማዬ ለእኔ ነው ያለችው» ሲል መጀመሪያ ሳቅሁ። ስትታመሚ ሥራዬን ትቼ የመጣሁት እኔ፣ ያጠብኩሽ እኔ፣ ቦራን ያለብኩ እኔ። እሱ ጡቷን ነክቶ አያውቅም። ምስክር ጥራ አልኩት። ጎረቤትሽን እትዬ ዘሀራን ጠራ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ፣ እውነቱን ነው፣ ሴት ልጅ ነገ ባሏ ቤት ትሄዳለች፣ ላሟ ለታደለ ትሁን ብላኛለች አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ ገብቶኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ውሸታም ብዬ እገላገል ነበር። እትዬ ዘሀራ ግን በጾም ወራት አንደበትሽ ነበሩ።

ጾም ነው ተብሎ ላም አትነጥፍም። አንቺም ወተቱን በወይራ በታጠነው ቅል ታጠራቅሚ ነበር። በዚህ ቆላ ቶሎ ይረጋል። ገፍተሽ ቅቤውን ታወጫለሽ፣ አሬራውን በሸክላ ድስት ለስላሳ እሳት ላይ ትጥጃለሽ። ሳታማስዪው፣ ሳይፈላ፣ ጣትሽን ነክረሽ ሙቀቱን እየለካሽ እንጨቱን ትጎትቺ ነበር። አጓቱ እንደ ውኃ ሲጠራና አይቡ ነጭ ደመና መስሎ ከላይ ሲሰበሰብ ታወርጂና ቀዝቅዞ እስኪጠል ማንም እንዳይነካው ትጠብቂያለሽ። ግን አትቀምሺውም። «ዘሀራ፣ ቅመሺልኝ» ብለሽ በአጥሩ በኩል ታቀብያቸዋለሽ። እሳቸውም ቀምሰው፣ ጎምዝዟል ወይም ጥሩ ነው ይላሉ እንጂ አንድም ቀን አላቆላመጡሽም። ስትበሳጪም አይተው ቃላቸውን አልመለሱም።

አምና ረመዳን ከሁዳዴ ሲገጥምባችሁ ትዝ ይለኛል። ሁለታችሁም ጿሚ፣ መካከላችሁ አንድ ሳህን አይብ። መግሪብ እስኪደርስ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት እትዬ ዘሀራ፣ እኔ አላህን ፈርቼ፣ አንቺ እግዜርን ፈርተሽ፣ ይሄ አይብ ማንን ፈርቶ ሳይጎመዝዝ ይቆየን ብለው ሳቃችሁ ከመንገድ ተሰማ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ እኛ በትኩስ የማሽላ ቂጣ፣ ሚጥሚጣ ነስንሰን የምንበላው ያንኑ እጅሽን ነበር።

ታዲያ ይህ አንደበት በአንቺ ላይ እንዴት ይዋሻል? ካልዋሸስ አንቺ እንዴት እንዲህ ትያለሽ? ከማንም አታንሺም ብለሽ፣ ያንን ቅቤና አይብ ገበያ አውጥተሽ ሕግ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? የትኛዋ ናት እናቴ?

ትናንት ራሴ አይብ አወጣሁ። ዘንድሮም ሁለቱ ጾም ስለገጠመ እትዬ ዘሀራ እስኪያፈጥሩ ጠብቄ ሳህኑን ይዤ ቤታቸው ገባሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልፈትናቸው ነው የሄድኩት። ዋሽተውብኝ ከሆነ ያባብሉኛል፤ ግሩም ነው፣ የእናትሽን እጅ ወርሰሻል ይሉኛል ብዬ። ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ።

«እሳት በዝቶበታል፣ ልጄ። ጠጥሯል።»

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ አይቡ ጠጥሮ እንዳይመስልሽ። እሳቸውም ሳልጠይቃቸው ቀሪውን ነገሩኝ። ስለ ላሟ የነገርሻቸው ቀን፣ ተይ፣ ልጅቷን ትበድያለሽ ብለው ተከራክረውሻል። አንቺ ወደ ግድግዳው ዞርሽ። ሳህኑን ባዶ አልመለሱትም፤ ተምር አድርገውበት ሰጡኝ።

ለአይብ ያልዋሸ አፍ ለላም አይዋሽም፤ ስለዚህ ብለሻል። አሁን አውቄያለሁ። ለምን እንዳልሽ ግን አላውቅም፣ የሚነግረኝም የለም። ወንድ ልጅሽ ባዶ እጁን እንዳይቀር አስበሽ ነው? እኔ የትም አልወድቅም ብለሽ ነው? ወይስ አንቺም ሲነገርሽ ያደግሽው ነገር በመጨረሻው ሰዓት ከአፍሽ አመለጠ? አንዱን ስይዝ ሌላው ይመጣል።

የተማርኩትን ቆጥሬ፣ በቃል የተነገረ ኑዛዜ በአንድ ምስክር አይጸናም ብዬ መከራከር እችላለሁ። እትዬ ዘሀራ ተሳስተው ነው ብልም የሚያምነኝ አላጣም። አላደርገውም። እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ እናቴ ብላለች፣ ምስክሯም እውነተኛ ናቸው፣ የተሳሳተችው እናቴ ናት፣ ላሟንም አልሰጥም እላለሁ። ያጉረምርሙ። የሟች ቃል ደፈረች ይበሉ። አንቺን ቅድስት አድርጌ ላሟን ከምሰጥ፣ እናቴ እንዳለሽ ሆነሽ ብትቀሪልኝ ይሻለኛል።

አልረሳሽም፣ እማዬ። ድስቱ ውስጥ የምትነክሪያትን ጣትሽን አልረሳም፤ ወደ ግድግዳው የዞረ ፊትሽንም አልረሳም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ገና አልለመድኩም። እሑድ ከሽማግሌዎቹ በፊት፣ ገና በጠዋቱ፣ አሬራ እጥዳለሁ። እንጨቱን ቶሎ እጎትታለሁ። ማታ፣ ቦራ በረቱ ውስጥ ኖረችም አልኖረች፣ ሳህኑን ይዤ እትዬ ዘሀራ ዘንድ እገባለሁ። የሚሉኝን ይበሉኝ።

ልጅሽ