አየሩ የሚያመልጠው በማርሚታው ነው

ቀጭኔ እህቴ፣

የመኪናውን ቁልፍ ይዤ የወጣሁት ተናድጄ እንዳይመስልሽ። እንዳትነጂው ብዬ ነው። ዛሬ በአውቶቡስ ሂጂ።

ጠዋት የሞተሩን ካንዴላዎች ፈትቼ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ አየር አምቀው የሚይዙበትን ግፊት፣ ለካሁ። ሌሎቹ መቶ ስልሳ ግድም አመጡ፤ ሁለተኛው ዘጠና ላይ ቀረ። "አላልኩም!" አልኩ ለራሴ። ዘይት ሳታዪ እየነዳሽ የፒስተኑን ፋሻ፣ አየር እንዳያፈስ የሚይዘውን ቀለበት፣ አስበላሽው ብዬ እማዬ ፊት የጮህኩብሽ ትዝ ይልሻል። ይልሻል እንጂ፤ ይኸው ሦስት ቀን አላናገርሽኝም።

ከዚያ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጌበት ደግሜ ለካሁት። ችግሩ ፋሻው ቢሆን ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር። ንቅንቅ አላለም።

ቢቸግረኝ ሲሊንደሩን በአየር ሞልቼ በየት በኩል እንደሚያፈስ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ። በዘይት መሙያው በኩል ጸጥ ነው። ራዲያተሩም አረፋ የለውም። ማርሚታው ግን እንደተበሳ ጎማ እሽሽ ይላል። የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ተቃጥሎ አልገጥም ብሏል ማለት ነው።

ባለፈው ወር ቫልቮላዎቹን ያስተካከለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ነበር። ክፍተቱን ከልክ በላይ አጠበብኩት፤ ቫልቮላውን ያቃጠለው እሱ ነው።

የዘይት መለኪያውንም መዝዤ አየሁ። ሙሉ ነው። አጠገቡ አጣጥፈሽ የሸጎጥሻትን መጥረጊያ ጨርቅ አገኘኋት። ለካ በየቀኑ ታዪው ነበር።

ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ።

አንቺ ግን ማታ እራት ላይ፣ ጨው አቀብለኝም ቢሆን፣ አንድ ነገር በይኝ።