«አይስማማኝም» ላለች ሴት «ይስማማሉ» ተብሎ ስለተጻፈላት

ለተከበሩ የአስም ሕክምና ጥናት ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ደረትዎ ያለ ፉጨት አየር ይሳብ፤ የሚውጡት ክኒን ሁሉ ይስማማዎ።

ከወቀሳዬ በፊት የራሴን ጉድ ላስቀድም። ባለቤቴ በጥናታችሁ ላይ ሳለች ባረፈችበት ዕለት «በፈቃዷ አቋርጣለች» የሚል ወረቀት አቅርባችሁልኝ ፈርሜያለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ባይዘልም ማንበብ አያቅተኝም፤ አንብቤ ነው የፈረምኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከልጄ ደብቄዋለሁ፤ በጸሎቴ እንኳ እዚያ ስደርስ እዘለው ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ መዝጋቢያችሁ ጥንቃቄ። በመጀመሪያው ቀን «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቃት አጠገቧ ነበርኩ። «አስፕሪን አይስማማኝም ልጄ፤ አንዴ ውጬ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ለጥቂት ነው የተረፍኩት» አለችው። እሱ ግን መልሷን አንድ መስመር ዝቅ ብሎ፣ «በጥናቱ ለመሳተፍ ይስማማሉ?» ከሚለው ፊት «አይስማሙም» ብሎ አሰፈረው። ኋላ ፊርማዋን ሲያይ ሰረዘና «ይስማማሉ» ብሎ አረመው። የመድኃኒቱ መስመር ባዶውን ቀረ። ሰውን በአንድ ሰረዝ ከአለርጂ የሚፈውስ መዝጋቢ ስላላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። ነርሷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ በስምንተኛው ሳምንት ለምርመራ መጥታ «ራሴን አመመኝ» ብትል መዝገቡን ገለጥ አድርጋ ወዲያው ክኒንና ውሃ አመጣችላት። «ምንድን ነው?» አለቻት። «ማስታገሻ ነው እናቴ፣ ዋጥ ያድርጉት።» አስፕሪን ነበር። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። እኔ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ሹራቧን ታቅፌ፣ አሁን ትወጣለች እያልኩ እጠብቃት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ትሕትናችሁ። እርስዎ ራስዎ ወንበር ስበው «ጋሼ፣ አይዞዎት» አሉኝ። እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው ወንበር ስቦልኝ አያውቅም። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነበርና ሰረዙንም ባዶውን መስመርም ያኔ አየሁ፤ ግን በሳባችሁልኝ ወንበር ተቀምጬ እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት? እናንተ «በፈቃዷ» ብላችሁ ጻፋችሁ፤ እኔም በሆዴ «በእግዜር ፈቃድ» ብዬ ፈረምኩ። የማን እጅ እንደነበረበት ላለመጥራት ፈቃድ የምትባል ቃል ለሁለታችንም በጀችን። እርሱ ይቅር ይበለኝ፣ ስሙን መደበቂያ አደረግሁት።

አራተኛው ግን ምስጋና አልወጣልኝም። ባለፈው ወር ኮሪደራችሁ ላይ የለጠፋችሁትን ውጤት ቆሜ አነበብኩ፦ «በመድኃኒት አለርጂ የተጎዳ ተሳታፊ የለም»። በዚያው ሳምንት ደግሞ እንደ እናቷ ደረቷ ለሚያፏጭ ልጄ ለሁለተኛው ዙር የግብዣ ደብዳቤ ላካችሁላት። «አባዬ፣ እማዬን እስከ መጨረሻው ያስታመሟት ሰዎች አይደሉ? እሄዳለሁ» አለችኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ልጄን ኮርቻው ላይ ያወጣኋት ግን በዝምታዬ እኔው ነኝ።

የሳቡለትን ወንበር እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳ፣ አክባሪዎ፣
የተሳታፊ ቁጥር አርባ አንድ ባል

ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጄ ሁሉንም ከእኔው አፍ ሰምታለች። በሦስተኛው ቀን፣ ዛሬ ጠዋት፣ ጫማዬን አቀበለችኝና አብረን ወጣን። ጥናታችሁን የሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ መዝገብ ቤት ገብቼ ባለቤቴ እንዴት እንደሞተች በእጄ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ጸሐፊዋ የድሮውን ወረቀት አውጥታ «በፈረሙበት ቃል ይስማማሉ?» የሚል ቅጽ ሰጠችኝ። መስመሩን በጣቴ ይዤ፣ ዝቅም ከፍም ሳልል፣ «አልስማማም» ብዬ ጻፍኩበት።