የበረታ ይሸከም

ታኅሣሥ 30
ዘጠኝ ቁጥር ዛሬም ሞቶ አገኘሁት። ቲማቲሙ ያለበት የላስቲክ ቤት ውስጥ ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ አሥራ ሁለት ሳጥኖች ተሰቅለዋል፤ ያለ ሽቦ እርስ በርስ ያወራሉ አሉ። የባትሪ ድንጋያቸውን መቀየር የእኔ ሥራ ነው። ሌሎቹ ገና ግማሽ አላቸው። እሱ ግን ወር ባለቀ ቁጥር... አዲስ አጉርሼው መጣሁ።
ቤት ገብቼ እማዬን አገላበጥኩ፣ አጠብኩ፣ አበላሁ። ወገቤ ተቆረጠ።

ጥር 3
እህቴ ደወለች። «እትዬ፣ እማዬ እንዴት ናት?» ደህና። «አንቺስ?» ደህና። «አይ አንቺ! ብረት እኮ ነሽ።»
ብረትም ይዝጋል አላልኳትም። ወንድሜም ያው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ ያስታምማሉ።

ጥር 5
ደከመኝ።

ጥር 9
ሳጥኖቹን የሰቀለችው መሐንዲስ መጣች።
«እማማ፣ ዘጠኝ ላይ አሮጌ ድንጋይ ነው እንዴ የሚገባው?»
ደሜ ፈላ። ደብተሬን ዘረጋሁላት። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ቢሆንም ቀን አልስትም። የትኛው ሳጥን፣ መቼ... ሁሉም ተጽፏል።
አገላብጣ አየችና ግንባሯን መታች።
«ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዱ ሳጥን የሁሉንም ወሬ ሰብስቦ ወደ ቢሮ ይልካል፤ ድንጋይ የሚጨርሰው ይሄ ሥራ ነው። ወር ሲገባ ብዙ ጉልበት ያለው ይመረጣል፣ ወሩን ሙሉ እሱ ይሸከማል።»
«እኔ ደግሞ ወሩ ሊገባ ሲል አዲስ አጎርሰዋለሁ።»
«ስለዚህ ሁሌ እሱ ይመረጣል።»
«መበርታቱ ነዋ የገደለው!»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።
«አሁን በየቀኑ ተራ ይገባሉ። የሠራው ያርፋል፤ ለሁሉም ሳይዳረስ አይመለስበትም» አለች። አሮጌ ድንጋይ ስላለችው ግን ይቅርታ የለም።

ጥር 10
ስብሰለሰል ዋልኩ። በርትታለች ያላቸው ማነው? እኔው ራሴ። ስድስት ዓመት «ደህና» እያልኩ... እነሱ ምን ያድርጉ?
ምን ያድርጉ? ዓይን የላቸውም እንዴ!

ጥር 11
ለሁለቱም ደወልኩ። «ደህና አይደለሁም» አልኩ። እህቴ አለቀሰች። ወንድሜ፣
«እትዬ፣ ሚስቴ እኮ ሥራ አላት...»
«እኔስ ሥራ ፈት ነኝ?»
ቀኑን ቆረጥኩለት።
«ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ አንድ ወር አንተ ጋ። ቀጥሎ እህትህ ጋ። ከዚያ እኔ።»
«እማዬ እሺ ትላለች?»
የስልኩ ድምፅ ይሰማ ነበርና እማዬ ከአልጋዋ ሆና፣ «እስኪ የሱንም ቤት ልየው፤ ጠርቶኝ አያውቅ» አለች። ካሳቀችኝ ስንት ጊዜዬ!

ጥር 18፣ እሁድ
ወንድሜ መጥቶ እማዬን ወሰዳት። አልጋዋን አነጠፍኩና ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ የሚይዘው አጣ።
በምሳ ሰዓት ወንድሜ ደወለ። «እትዬ፣ አልበላም አለች። ምን ላድርጋት?»
ሳላስበው አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቻለሁ...
«እሷን ጠይቃት፤ አፍ አላት» አልኩት።
ስልኩን ዘጋሁ። ጫማዬን አወለቅኩ።