ዝንብ የናቀው ቶፉ

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእትዬ ላስሚ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ዜና በታላቅ ሐዘን አሳውቅሻለሁ። የእጅ ስልኬ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በባለቤቴ በቱቲክ ውሳኔ ከሥራው ታግዶ፣ ክዳን ባለው የሩዝ ባልዲ ውስጥ፣ ከሩዙ በታች ተቀምጧል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም። ጠዋት ጠዋት ሩዝ ልትሰፍር ስትከፍተው ከውስጥ ሲጮህ እሰማለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል፤ ግን እጄን አልሰድም። ይህን ደብዳቤ በወረቀት የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው እንጂ ድንገት የጥንት ሰው ሆኜ አይደለም።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት ከርመሻል? እንዴት ነሽ፣ አሁንም እንዴት ነሽ? የታይዋን ብርድ ጉልበትሽን ተወልሽ ወይስ እንደ አምናው ነው? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ ደህና ናቸው? ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ትራስ ውስጥ መደበቁን ተዉ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? በደንብ ትበያለሽ? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የቀረውን ፊት ለፊት ብንሆን አንገቴን ደፍቼ ነበር የምነግርሽ፤ ለመጻፍም አንገት መድፋት ግድ ስለሆነ እንዲያው ተስማምቶኛል።

ነገሩ የጀመረው በጊሚን ፀጉር ቤት ነው። ጊሚን ግማሽ ራሴን ላጭቶ ምላጩን ሊያጥብ ዘወር ሲል «ይህን አይተኸዋል?» ብሎ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ነጭ ቦቲ የተጫማ ሰውዬ ከበርሜል አንድ ፈሳሽ እየቀዳ ቶፉ ላይ ያፈሳል። ከሥሩ «አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ፎርማሊን!» ተብሎ ተጽፏል። ድምፁን አልሰማሁትም፤ የጊሚን ሬዲዮ ይጮህ ነበር። እኔ ወንድምሽ ግን የቀረው ግማሽ ራሴ ሳይላጭ ለመንደሩ ግሩፕ አስተላለፍኩት።

ማስተላለፍ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። «ወገኖቼ ተጠንቀቁ፤ ይህ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው!» የሚል ከራሴ ጨመርኩበት። ለምን ብትዪኝ፣ ያን ሰሞን ግሩፑ ውስጥ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ስለ ፍሳሹ ቦይ ብጽፍ ዝም፤ ስለ ማዳበሪያው ብጽፍ ዝም፤ ስለ ራሴ የወገብ ሕመም ብጽፍ እንኳ አንድ «አላህ ያሽርህ» ባይ ጠፋ። ይህን ስጽፍ ግን ስልኩ እሳት ላይ እንዳለ በቆሎ ይንጣጣ ጀመር። የሰፈራችን ሹም ጋሼ ዳርማጂ ሳይቀሩ «ምን ያህል ቅርብ?» ብለው ጠየቁኝ። ሹም ጠይቆ አላውቅም ይባላል እንዴ? «ብዙም አይርቅም» ብዬ መለስኩ።

እትዬ፣ በእኛ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ የአኩሪ አተር ወተት አርግቶ ቶፉ የሚሠራ ማን ነው? ከቀርከሃው ድልድይ ማዶ ያለችው አክስታችን ንጋቲናህ ብቻ ናት። ስሟን እኔ አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገኝ፤ እስኪመሽ ድረስ መንደሩ ራሱ ጠራው። ለአንቺም ላክሁልሽ፤ አንቺም በማግስቱ ለልጆችሽ ደውለሽ የእሷን ቶፉ እንዳይቀምሱ ከለከልሽ። አንቺን አልወቅስም፤ ወንድምሽን አምነሽ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና አንቺን ከአኩሪ አተር ወፍጮዋ ሥር በሚወርደው ወተት ያሳደገችን ሴት መሆኗን ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። ለእኔ ግን የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

መንደራችን ደግሞ ፍትሕ ይወዳል፤ ያለ ምርመራ አይፈርድም። ፎርማሊን ያለበት ቶፉ ላይ ዝንብ እንደማያርፍ እዚህ ሕፃኑም ያውቀዋል። ስለዚህ ዐርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ተረኛ ጠባቂዎች በሚቀመጡበት ዳስ ውስጥ ሁለት ሳህን ቀረበ፤ አንዱ የአክስታችን፣ ሌላው ገበያ ላይ ቶፉ ከሚቸረችረው ከሳርፓን የተገዛ። የአጣሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን እንደ ነበር ገምቺ። ወንበር ሁሉ ተሰጥቶኝ ነበር።

የአክስታችን ቶፉ ያኔውኑ ከንጹሕ ውሃ ወጥቶ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ የመጣ ነው። የሳርፓን ከማለዳ ጀምሮ ከደረቅ ዓሣ ጎን ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ። ዝንቦቹ ብዙም ሳይከራከሩ በሙሉ ድምፅ ሳርፓንን መረጡ። የጊሚን ሚስት ሰሪ «አያችሁ! ሰው ይዋሻል፤ ዝንብ አይዋሽም!» ብላ አጨበጨበች። አክስታችን «ኧረ ልጆቼ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ብዬ እኮ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥብና ስሸፍን የኖርኩት! ንጽሕናዬ ሆነ እንዴ ጥፋቴ?» አለች። ሳቁባት። «ምክንያት መቼ ይጠፋል!» አላት አንዱ። ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ሰብሳቢ ነኝና ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ቶፉዋን የሚገዛ ጠፋ። ቅዳሜ ሙሉ ሸክም ይዛ ወጥታ ሙሉ ሸክም ይዛ ተመለሰች። እሑድ ጠዋት ወፍጮውንና መቀቀያውን ድስት ልትሸጥ መሆኑን ሰማን፤ በየአምስት ቀኑ ለሚውለው ለፖን ገበያ ዕለት ከከተማ ገዢ ቀጥራለች፤ ቤቱን ዘግታ ሴማራንግ ከተማ ያለች የባሏ እህት ዘንድ ልትገባ ነው። ይህን የነገረችኝ ቱቲክ ናት። ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም፤ ሩዙን ነበር የምትለቅመው።

በዚህ መሐል መንደሩ በዝንብ የተመሰከረለትን የሳርፓንን ቶፉ እያጣጣመ በላ። እሑድ ከሰዓት የሆነውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው አልችልም። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲሮጥ ዋለ፤ ሰሪና ጊሚን አንድ በር ላይ ተገናኝተው እንደ ተጣሉ ይወራል። እኔንም ሰብሳቢነቴ አላዳነኝም። ከወንዙ ዳር ባለው መጸዳጃችን ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ፣ ማዶ አክስታችን ያልተሸጠውን ቶፉ ዓሣ ኩሬዋ ውስጥ ስትገለብጥ አየኋት። ሽታው እስከ እኔ ድረስ መጣ፤ ጎምዝዟል። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፎርማሊን እኮ የሞተን ሰው እንኳ ያቆያል ተብሏል! ታዲያ ይህ ቶፉ ፎርማሊን ቢኖርበት ኖሮ በአንድ ቀን ለምን ጎመዘዘ? ይህች ሴት ለምን ትጥለዋለች? ነገና ከነገ ወዲያ አትሸጠውም ነበር? እንዲህ ያለው ጥያቄ ዐርብ ዕለት ወንበር ላይ ተቀምጬ አልመጣልኝም። የት ተቀምጬ እንደ መጣልኝ ደግሜ አልጽፍም።

ሆኖም ሰው በቀላሉ እጁን አይሰጥም፤ በተለይ እኔ። «ከሦስት ቦታ የመጣ ነገር እንዴት ሐሰት ይሆናል?» አልኩ። እውነትም ቪዲዮው ከቱቲክ ወንድም፣ ከገበሬዎች ማኅበር ግሩፕና ከቁርኣን ቂርኣት ሴቶች ግሩፕ ተመልሶ መጥቶልኝ ነበር፤ ሁሉም «ለእኛም ቅርብ ነው» ይላል። ያን ሳይ ነበር ልቤ የረጋው፤ «ለካስ እውነቴን ኖሯል!» ብዬ። ሰኞ ማለዳ ምንጩን ፍለጋ ወጣሁ። የቱቲክ ወንድም «ከገበሬዎቹ ነው ያገኘሁት» አለኝ። ገበሬዎቹ «የቂርኣት ሴቶች ናቸው የላኩልን፤ ቁርኣን የሚቀሩ ሴቶች ይዋሻሉ እንዴ?» አሉኝ። የቂርኣት ሴቶች ወደ ሰሪ መሩኝ። ሰሪ የምትወቅጠውን ቃሪያ ሳትተው «አንተ ሰውዬ አሁንም አልዳንክም እንዴ? ከአንተ ነዋ! ቅርብ ነው ያልከው አንተ አይደለህም? እኛማ አጣርተህ መስሎን!» አለችኝ።

ወንዙን ሽቅብ ተከትዬ ምንጩ ጋ ስደርስ፣ እትዬ፣ ራሴን እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አገኘሁት። የራሴን ወሬ ሰው መልሶ ሲነግረኝ ነው እውነት ነው ብዬ ያመንኩት።

ቤት ስገባ ልጅሽ ዌኒንግ ቱቲክን እየረዳች ነበር። «እስቲ የቪዲዮውን ድምፅ ክፈተው አጎቴ» አለችኝ። ከፈትኩት። ሰዎቹ የሚናገሩት ጃቫኛም አይደል፣ ኢንዶኔዥያኛም አይደል፤ በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሕፈት ከመካከላችን የሚያነብ የለም። «ምንድን ነው የሚያፈሰው?» አለችኝ። «ፎርማሊን ነዋ፣ ተጽፏል» አልኳት። «ማን ጻፈው? ቦቲ ያደረገው ሰውዬ ነው ወይስ ቪዲዮውን የላከው?» ብትለኝ ቪዲዮውን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ቱቲክ ከምድጃው ዳር ሆና «ዝም ከምትል አላውቅም በል፤ ሰው አላውቅም በማለቱ አይሞትም» አለች። «አላውቅም» አልኩ። አጎት ሆኜ ለእህቴ ልጅ አላውቅም ስል የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴ እንደ ሰሪ ቃሪያ ነደደ።

ስልኩ ሳይወሰድብኝ አንድ መልእክት ብቻ ልጽፍ ተፈቀደልኝ። «የላክሁት ቪዲዮ የእኛ አገር አይደለም፤ ቅርብ ነው ያልኩትም ከራሴ ነው፤ አክስቴ ንጹሕ ናት» ብዬ ጻፍኩ። አንድ አውራ ጣት መጣልኝ፤ እሱም የጋሼ ዳርማጂ። ሌላው መንደርተኛ ዝም። ጋሼ ዳርማጂ ማምሻውን በደጃችን ሲያልፉ «ስማ ዋርጊዮ፣ ውሸትህ በሞተር ሳይክል ሄዷል፤ እርማቱን በስልክ ብትልከው ከቦታው አይነሣም። በእግርህ ታደርሰዋለህ» አሉኝ።

ማክሰኞ ድልድዩን ተሻግሬ አክስታችን በር ላይ ቆምኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የፀጉር ቤቱን፣ «ቅርብ ነው» ያልኩትን፣ ጣራውን ያየሁበትን ምክንያት። እሷ ጨርቁን እየጨመቀች ወተቱን ታጠልል ነበር፤ አላቋረጠችም። ስጨርስ ጥግ ላይ የተደገፈውን የትከሻ መሸከሚያ ቀርከሃ በአገጯ አሳየችኝ። ሁለቱን ቅርጫት ሞልታ አንጠለጠለችበት። ተሸክሜ ወጣሁ።

እትዬ፣ አንቺ የታይዋንን ደረጃ ስንት ጊዜ ወጥተሽ እንደምትወርጂ አውቃለሁና ስለ ትከሻዬ አላወራሽም። ከትከሻዬ ይልቅ አፌ ነው የከበደኝ። በየበሩ «ቶፉ! ትኩስ ቶፉ! ቅርብ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያየሁት ነገር የለም!» እያልኩ ጮህኩ። «እስቲ መጀመሪያ አንተ ብላ!» ይሉኛል፤ እበላለሁ። ጊሚን «የራስህ ግማሽ ሳይላጭ ነበር የሮጥከው፤ ናማ ልጨርስልህ» አለኝ። ሰሪ «ለመሆኑ አንተ ላይ ዝንብ ያርፍብሃል?» ስትለኝ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን እየሳቀች ገዛችልኝ። የከፋው የሳቁት አይደሉም። የከፋው በሩን ገርበብ አድርገው «መቼም ያለ ነገር አልተወራም» ብለው የዘጉት ናቸው። ያንን በር ያስዘጋሁት እኔ ነኝና ቁልፉን ከእነሱ መጠየቅ አልችልም። እስከ ዛሬ በየቀኑ እወጣለሁ፤ በየቀኑም ጥቂት በሮች ይዘጉብኛል።

ደግ ዜናም አለ። ትናንት ገዢው ከከተማ መጥቶ ነበር፤ አክስታችን ወፍጮውን ዳሰሰችና «እስከሚቀጥለው ፖን ታገሠኝ» ብላ መለሰችው። ማምሻውን ባዶ ቅርጫት ስመልስ የተጠበሰ ቶፉ ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር በሳህን ገፋ አድርጋልኝ «ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችኝ። ስለዚህ አክስታችን ይቅር ብላኛለች፤ ነገሩ በሰላም አልቋል።

ከአንቺ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለልጆችሽ ደውለሽ ክልከላውን አንሺ፤ ዌኒንግ ገና ሳትፈቅጂ ጀምራለች፣ ትንሹ ባጋስ ግን የእናቱን ቃል ጠብቆ ሳህኑን ዓይን ዓይኑን እያየ ይቀመጣል። ቪዲዮውን እዚያ ላሉት የአገራችን ሴቶች ልከሽው ከሆነም፣ እባክሽ የላክሽላቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አግኝተሽ የወንድሜ ቅጥፈት ነው በያቸው። ስሜን ጥሪ፤ አትሸሽጊልኝ።

ባለቤትሽ ታርኖ በጣም ናፍቀሽኛል ይልሻል፤ የጣራውን ክዳን አድሷል። ዌኒንግና ባጋስ እጅሽን ይስማሉ። ቱቲክ ሰላም ብላሻለች፤ ስልኩ የሚወጣበትን ቀን ብትጠይቂያት ግን አትመልስልሽም። ጋሼ ዳርማጂና ባለቤታቸው፣ ጊሚንና ሰሪም ሰላም ይሉሻል። ለምታስታምሚያቸው እናት ጤና ይስጥልኝ በይልኝ።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ፣
ዋርጊዮ

ካራንግሶኖ መንደር፣ መካከለኛው ጃቫ፣ በሻዕባን ወር፣ ከፖን ገበያ ማግስት

እርማት፦ ከላይ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «አክስታችን ይቅር ብላኛለች» ተብሎ የተዘገበው ትክክል አይደለም። ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ጸሐፊው ድልድዩን ተሻግሮ ባለጉዳይዋን በአካል ጠይቋል። ባለጉዳይዋም «ብላ አልኩህ እንጂ መቼ ይቅር አልኩህ? ስትራብማ ድሮም አበላህ ነበር» ሲሉ መልሰዋል። የዜናው ብቸኛ ምንጭ የጸሐፊው ምኞት ሆኖ ተገኝቷል። ለተሳሳተው ዘገባ አንባቢያችንን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ባለጉዳይዋንም ነገ ማለዳ፣ ከነሸክማችን፣ እንጠይቃለን።